ከማንጎው ቅርንጫፍ ጀርባ የነበረው ኮከብ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነበር፤ እኔ ደግሞ ስልሳ ሰባት ዓመቴ። ወሩ ግንቦት ነው። አሶሳ ላይ ግንቦት ሲገባ ሰማይ ጠባዩ አይታወቅም። ቀን አናት ሲያነድ ይውልና አመሻሽ ላይ ደመናው ከየት መጣ ሳይባል ይከመራል። አንዳንዴ ይዘንባል፣ አንዳንዴ አስፈራርቶ ይሄዳል። ማንጎ የሚበስለውም ያን ጊዜ ነው፤ ጣሪያ ላይ ሲወድቅ ድንጋይ የተወረወረ ይመስላል።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሩን በቁጥር በምትጠራ መንደር ነበር። ኋላ ወደ ከተማው ጠጋ ብዬ ዳር ላይ ይቺን ግቢ ያዝኩ። መጀመሪያ የተከልኩት ማንጎ ነው፤ አሁን ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሆኗል። ከኋላ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። እሷን የተከራየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ የጎጃም ገበሬ ልጅ፣ ፊዚክስ የሚያስተምር። ሚስት አላገባም። ባለቤቴ እንደ ልጇ ታየው ነበር፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ እጨቃጨቀው ነበር፣ ስለሚመቸኝ።

ይሄ መምህር ሰማይ ያያል። ክንድ የሚያህል ወፍራም ቱቦ በሦስት እግር ላይ ያቆምና በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል። ቴሌስኮፕ ይለዋል እሱ። እኔ ቱቦው ነው የምለው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይራገማል፤ እሱ ብቻውን ከክፍሉ እየሳቀ ይወጣል።

«አንተ ልጅ፣ ሰው በጨለማ እራቱን አጥቶ አንተ ትስቃለህ?» እለዋለሁ።

«ምን ላድርግ አባባ፣ ሰማዩ በራልኝ» ይላል።

በዚያ ግንቦት አንድ ቀን፣ ከመግሪብ አዛን በኋላ፣ እየሮጠ መጣ። ስልኩን ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ጥቁር ላይ የተረጨ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፤ ዱቄቱ እንደ ውኃ አዙሪት ተጠማዝዟል።

«ይሄ ጋላክሲ ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው የኮከብ ክምችት፤ ከኛው ክምችት ሌላ፣ ሩቅ። ክንዱ ላይ አዲስ ኮከብ ታይቷል! በዓለም ላይ አሁን የሚታዩትን የሚዘረዝር ገጽ አለ፤ ከሁሉም ደማቁ ይሄ ነው።»

ቀና ብዬ ወደ ምዕራብ ባይ አንድ ትልቅ ኮከብ ቦግ ብሎ ተቀምጧል። «እንዴታ! እኔም አይቼዋለሁ። ወር አልፎታል እኮ።»

«እሱ ቬነስ ነው አባባ። አጥቢያ ኮከብ የምንለው፤ ጊዜው ሲዞር በማታ ይታያል።»

«አጥቢያ ኮከብ በጠዋት ነው።»

«አንዳንዴ በማታም...»

«በማታ ከታየ አጥቢያ አይባልም።»

ሳቀ። ወደ ሰሜን አዙሮ ጭልፋ የመሰሉትን ሰባት ከዋክብት አሳየኝ። ከጭልፋው እጀታ አጠገብ ነው አለኝ። ባይ ባይ ባዶ ጨለማ ነው። ወደ ቱቦው አጎነበስኩ። እሱም ውስጥ ጨለማ ነው።

«አየሁ ይበሉኝ እንጂ!» አለ።

«አላየሁም።»

ባለቤቴ መጣች፤ ዓይኗን ለጠፍ አድርጋ «ውይ፣ ደስ ሲል! እንዴት ያምራል የኔ ልጅ» አለች። የቱቦው ክዳን ግን ተዘግቶ ነበር፤ መምህሩ እኔ ካየሁ በኋላ ጠል እንዳይገባበት ብሎ መልሶ ገጥሞት ነው። እኔና እሱ ተያየን። እስከ ዛሬም አልነገርናትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ያን ኮከብ መከታተል ሆነ ሥራው። በቱቦው ያየዋል፣ ስልኩን በቱቦው ጫፍ ገጥሞ ፎቶ ያነሳዋል፣ ከጎኑ ካሉት ከዋክብት ጋር ያወዳድረዋል፤ ከዚህኛው ይደምቃል፣ ከዚያኛው ይደበዝዛል እያለ። ከጎረቤቴ ከሐጂ በር አምፖል ይበልጣል፣ ከመስጊዱ ያንሳል እንደማለት ነው። ከዚያ ቁጥር ይሰጠውና በኢንተርኔት በየአገሩ ሰማይ ለሚያዩት ይልክላቸዋል። ቁጥሩ ነበር መጀመሪያ ያጣላን።

«ዛሬ አሥራ አንድ ነው» አለኝ አንድ ማታ።

«ቢደበዝዝስ?»

«አሥራ ሁለት ይሆናል።»

«ሲያንስ ቁጥሩ ይጨምራል? ማነው ያወጣው?»

«አባባ፣ እንደ ክፍል ደረጃ ያስቡት። አንደኛ የወጣ ከአሥራ አንደኛ አይበልጥም?»

ይሄ ገባኝ። «እና ይሄ ኮከብ አሥራ አንደኛ ነው የወጣው?» አልኩት። «ለዚህ ነው ሰውን የምታስጮኸው? የኔ ልጆች አሥራ አንደኛ ሲወጡ ማንም አልጮኸ።»

ስሙንም ጠየቅሁት። የፈረንጅ ዓመት ቁጥርና ሦስት ፊደል ነው አለኝ። እሱ አፈረበት፤ እኔ ግን አዘንኩለት። እኛም ስንመጣ መንደራችን ቁጥር ብቻ ነበረች። ሰው «የየት አገር ሰው ነህ?» ሲለኝ ቁጥር እነግረው ነበር።

ጎረቤቴ ሐጂ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አሶሳ ተወልዶ አሶሳ ያረጀ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ። በመሃላችን ያለው የቀርከሃ አጥር ነው፤ እሱም አርጅቶ ግማሹ ወድቋል፣ ሁለታችንም አንጠግነውም። አማርኛው ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ይደባልቃል፤ እኔም በርትኛ ስሞክር እንደዚያን ጊዜ ስቆ አያውቅም። የኮከቡን ወሬ ሰምቶ መጣና መምህሩን እንደ ዳኛ ቆሞ ጠየቀው።

«እሱን ኮከብ ማን አየችው?»

«መጀመሪያ አንድ ሰው ነው ያየው ሐጂ። ከዚያ ሌሎች አረጋገጡ።»

«አንድ ሰው አይበቃም። ሌላው ምስክር የት ነበረች?»

«በየአገሩ አሉ። አንዱ ሲያይ ይጽፋል፤ ሌላው በራሱ ቱቦ አይቶ እውነት ነው ይላል። እኛ ጋ ሲመሽ አሜሪካ ገና ቀን ነው፤ አያዩትም። ስለዚህ የዚህን ሰዓት የሚያይላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከኛ ወገን ደግሞ ብዙ ሰው የለም።»

ሐጂ ጺሙን ዳሰሰ። «ወላሂ ይሄ እንደ ረመዳን ጨረቃ ነው። ያየ ሰው መጥታ ትናገራለች፤ ካልተናገረች የሁሉም ጾም ይበላሻል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩን ሲያገኘው «ሰላም ነህ?» አይልም፤ «ምስክር፣ አየህ?» ነው የሚለው።

እኔን ግን የቆረጠመኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። አዲስ ነው ይላል፤ ደግሞ የሞተ ነው ይላል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንቄ ያዝኩት።

«ይሄ ኮከብ ተወለደ ወይስ ሞተ?»

«ሞተ። ትልቅ ኮከብ ሲሞት ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ነው እንዲህ የሚደምቀው።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት ነው የታየው።»

«መቼ ታየ አላልኩህም። መቼ ሞተ?»

«ከሃያ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ብርሃኑ እስከዛሬ መንገድ ላይ ነበር።»

እናቴ ትዝ አለችኝ። እኛ እዚህ በሰፈርን በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ወሎ ውስጥ ሞታለች። ያን ጊዜ ስልክ የለ፣ መንገድ የለ። ወሬው የደረሰኝ አንድ ክረምት አልፎ፣ እሸት ተቆርጦ ነው። መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። እኔ ግን እዚያው ማሳ ላይ እንደዛሬ ሞት ነው የጮኽኩት፤ ሰዉም እንደዛሬ ሞት ነው ያለቀሰልኝ። አንድም ሰው «ያረጀ ሞት ነው» አላለም።

«እንዲህ ከሆነማ» አልኩት፣ «መርዶ ነው በለኛ!»

መምህሩ ጭኑን መታ። «መርዶ!» ብሎ ጮኸ። «አባባ፣ ይቺን ቃል ይስጡኝ!»

«ውሰዳት፤ ኪራይ አላስከፍልህም።»

ለማን እንደፈለጋት ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ለአባቱ ነው። አባቱ ልጃቸው ምን እንደተማረ ገብቷቸው አያውቅም። በደወለ ቁጥር «ለመሆኑ ዝናቡ መቼ ይገባል?» ይሉታል። አላውቅም ሲላቸው «ታዲያ ሰማይ ተምረህ ምን አተረፍክ?» ይሉታል። እሱ ትምህርት ለክረምት ሲዘጋ አገሩ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ይሄን ነገር አንድ ጊዜ በደንብ ሊያስረዳቸው ነው። ለካ እስከዛሬ እኔ ላይ ሲለማመድ ኖሯል።

«እርስዎ ከገባዎት አባቴም ይገባዋል» አለኝ።

«አባትህም እንደኔ ደረቅ ናቸው?»

«እርስዎ ይሻላሉ» አለ።

ማንጎውም ነበረ ደግሞ። አንድ ወፍራም ቅርንጫፉ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ያን ጭልፋ ከነእጀታው ይሸፍነዋል። መምህሩ በጎን ቢሄድ የጎረቤት መብራት ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ኋላ ቢል ጣሪያው አለ። ስለዚህ ኮከቡ ከቅርንጫፉ እስኪወጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ እየጠበቀ ሳለ ደመና ቀደመው። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለ «አባባ፣ ይቺ ቅርንጫፍ...» ሲል ገና ሳይጨርስ «ኮከቡ ይዙር እንጂ ማንጎዬ አትነካም!» አልኩት። ፍሬ ይዛለች፤ ደግሞም እኔ ተክዬ ያሳደግኳት ናት። ሁለተኛ አላነሳውም።

ከዚያ ሰማዩ ተደፈነ። በየማታው ደመና ሆነ። መምህሩ በር ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ላይ ያያል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ኮከቡ አሁን ማሽቆልቆል የሚጀምርበት ጊዜ ነው አለኝ፤ መጀመሩን ወይም አለመጀመሩን በዚህ ሰዓት የሚያይ ከጠፋ በመዝገቡ መሃል ቀዳዳ ይቀራል። «አንዲት የጠራች ማታ ብቻ» ይላል። «ከዚያ ክረምቱ ቢዘጋም ግድ የለኝም።»

ያቺ ቀን መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መሰለ። መምህሩ ሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አይቶ አጨበጨበ።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የመምህሩ አጎት ነበሩ፤ ቢቸግራችሁ ብሎ ቁጥሬን ለቤተሰቦቹ ሰጥቷቸው ኖሯል። ድምፃቸው ጎርንኗል። ወንድማቸው፣ የመምህሩ አባት፣ ደህና እራታቸውን በልተው ተኝተው ጎህ ሲቀድ አልነቁም። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ልጁ በምንም አይደርስም።

«ለሱ አልደወልንለትም» አሉኝ። «እርስዎ እንደ አባቱ ነዎት አሉ። አባትህ ትንሽ አሞታል በሉና በነገው አውሮፕላን ይላኩልን። እዚህ ሲደርስ እኛ እናረዳዋለን።»

«አሞታል አልልም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ይሉታል?»

«የሆነውን። ደግሞ መንገድ ሙሉ አባቴ ይድን ይሆን እያለ ሊሄድ ነው? እኔ አረዳዋለሁ። ጠዋት፣ በወጉ።»

 «እሺ ወንድሜ፤ እርስዎ ያውቃሉ» ብለው ዘጉ።

ባለቤቴ ሰምታ ነበር። ማንጎው ሥር ቁጭ ብላ ካለቀሰች በኋላ ተነሳችብኝ። «ምናለ አሞታል ብትል? ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው!»

«ሰው ሁሉ ይዋሽ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ድርቅናህ ለሞትም አይመለስ!»

ሐጂን ጠራሁት፤ መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው የለምና። ሐጂ ደግሞ በሌላ በኩል መጣብኝ።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አሁን ሂድ ንገረው። እኛ ጋ ሞት አታድርም።»

«በኛ አገር መርዶ ማታ አይነገርም ሐጂ። ከሥራ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ብቻውን ከግድግዳ ጋር ሲላተም ይደር? እራቱን ይብላ፣ ይተኛ። ሲነጋ ሰው ይዞት ያልቅስ።»

«እሱን ደብቀህ ፊቱን ታያለህ?»

«አልደብቀውም፤ አሳድረዋለሁ። ደግሞ ሰማዩን እየው።»

ሐጂ ቀና አለ። አንድ ብጣሽ ደመና የለም። «ምስክሩ ዛሬ ነው የምታየው?» አለኝ።

«ዛሬ ካልሆነ የለም። ነገ ካወቀ በኋላ ኮከብ አያይም።»

«እሺ። ሲነጋጋ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ እመጣለሁ» አለና ሄደ።

መምህሩ ፀሐይ ስትጠልቅ እያፏጨ ገባ። ባለቤቴ እራት አቀረበችለት፤ ሲጨርስ ጨመረችለት፣ እምቢ ሲል ቆጣ ብላ ጨመረችለት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርት ነው አለችው። «እማማ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?» እያለ በላላት። እኔ ሳህኔን ነበር የማየው።

«ኢንተርኔቱ ከቀን ጀምሮ የለም» አለ እጁን እየታጠበ። «ስልኩም ከአመሻሽ ጀምሮ አልሠራ ብሎኛል። አባቴ ጋ ልደውል ነበር።»

ባለቤቴ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ወጥተን ቱቦውን አቆመ። ኮከቡ ያለበት ቦታ እንደልማዱ ከቅርንጫፉ ጀርባ ነው። በስተደቡብ ዞር ብል ደመና ተነስቷል፤ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። መምህሩ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ ቅርንጫፉን ያያል።

«ግማሽ ሰዓት ቢሰጠኝ ከቅርንጫፉ ይወጣል» አለ። «ደመናው ግን የሚሰጠኝ አይመስለኝም።» ከዚያ ቱቦውን እንደያዘ ወደኔ ዞረ። «ቢሳካልኝም ባይሳካልኝም ነገ ጠዋት ለአባቴ እደውላለሁ። ክረምትን አልጠብቅም። ‹አባዬ፣ ሰማይ ላይ የማየው ነገር መርዶ ነው› ነው የምለው። አይስቅም አባባ? ምን የሚል ይመስልዎታል?»

ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ጨለማ ስለሆነ ፊቴን አያይም። «ይስቃሉ» ብል ውሸት ነው። «አይስቁም» ብል መርዶ ነው። 

ከቤት ገብቼ ገጀራዬን አመጣሁ።

ከግንዱ ጋር የሚቀመጠውን መሰላል አስጠግቼ ወጣሁና ቅርንጫፉን መምታት ጀመርኩ። እርጥብ ማንጎ ቶሎ አይሰጥም። ስንጥሩ ፊቴ ላይ ይረጫል፣ ፍሬው ዱብ ዱብ ይላል። መምህሩ ከታች «አባባ! አባባ ይተውት! ኧረ ይወድቃሉ!» ይላል፤ እኔ አልሰማሁትም። ሐጂ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ።

«ሌባ ናት እንዴ?»

«እኔ ነኝ!»

«በማታ ዛፍ ትቆርጣለህ?»

«የራሴ ዛፍ ነው!»

ሐጂ የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ አየኝ። ከዚያ አጠፋው፤ ገብቶታል። ወደኛ ግቢ ተሻግሮ መሰላሉን ያዘልኝ። ቅርንጫፉ ተንቋቋና ከነፍሬው መሬት ላይ ተዘረጋ። ከጀርባው ጭልፋው ከነእጀታው ተገለጠ።

መምህሩ መጥቶ ክንዴን ይዞ አወረደኝ። «አባባ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?»

«ደመናው እየመጣ ነው» አልኩት። «ሥራህን ሥራ።»

ዞር ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ አጎነበሰ። አሁን ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው። ቱቦውን በጣቱ ጫፍ ይነካካል፣ ያያል፣ ስልኩን ይገጥማል፣ እንደገና ያያል። ብልጭታው እየቀረበ ነው። ሐጂ በለሆሳስ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ዱዓ ይሁን ቆጠራ አላውቅም።

«ወርዷል» አለ መምህሩ በመጨረሻ። «ካለፈው ትንሽ ወርዷል። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ፎቶውም ይዞታል። ማሽቆልቆል ጀምሯል!» ከዚያ እጄን ይዞ ጎተተኝ። «ይምጡ፣ አሁን ይዩ። ዛሬ የግድ ያያሉ።»

«አይታየኝም ብዬሃለሁ።»

«ትኩር ብለው ስለሚያዩት ነው። እንዲህ ዓይነት ደካማ ብርሃን ፊት ለፊት ሲያፈጡበት ይጠፋል። ዓይንዎን ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉ፤ ሌላ ነገር እንደሚያይ ሰው።»

አጎነበስኩ። ጨለማ ነው። ዓይኔን ወደ ጎን አደረግሁ። መጀመሪያ እንደ ትንፋሽ የመሰለ፣ መስተዋት ላይ እፍ እንዳሉት ዓይነት ነጭ ነገር ታየኝ። ቀጥሎ እዚያ ትንፋሽ ጠርዝ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። የመርፌ ጫፍ። ሳፈጥባት ትጠፋለች፤ ዓይኔን ሳሸሽ ትመጣለች። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። እውነት መሆኗን ላረጋግጥ ብዬ ክዳኑን በእጄ ዳሰስኩ፤ ክፍት ነው።

«አየሁት» አልኩ።

መምህሩ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። እኔ ያላየሁትን አየሁ እንደማልል ያውቃል። ሐጂም አጎንብሶ ብዙ ቆየና ቀና አለ። «ከታች በኩል ነው? በቀኝ?» አለ። መምህሩ አዎ አለው። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሁለት ምስክር አለህ።»

«ሦስት ነን» አልኩት።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ያን ጊዜ ወረደች። ቱቦውን በኩታዬ ሸፍነን አስገባን። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «ኢንተርኔት ሲመጣ ነገ እልከዋለሁ» አለኝ። «ስለ ቅርንጫፉ እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ለአባቴ ይሄንንም እነግረዋለሁ።»

«ተኛ ልጄ» ነው ያልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ረጥቦ ነበር። ሐጂ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከላዩ ጋቢ ደርባበት፣ ማንጎው ሥር ሆነው ጠበቁኝ። ቅርንጫፉ በመምህሩ በር ፊት እንደወደቀ ተጋድሟል፤ ዘለን አለፍነው። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። መምህሩ ዓይኑን እያሻሸ ከፈተ፤ መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ሐጂን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን። በዚህ አገር ሦስት አዛውንት ጎህ ሲቀድ በር ላይ ከቆመ የሚጠየቅ ነገር የለም።

«ልጄ፣ አባትህ አረፉ» አልኩት።

«መቼ?»

«ትናንት ጎህ ሲቀድ። በእንቅልፋቸው። አልተሰቃዩም።»

«ማታ... ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከኔ ዓይኑን አንስቶ መሬት ላይ የተጋደመውን ቅርንጫፍ አየ። ብዙ አየው። ከዚያ ወደ መሬት ሲል ሐጂና እኔ በብብቱ ያዝነው፣ ባለቤቴ አቅፋው ጮኸች፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ።

ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ጉልበቱን አቅፎ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ድምፅ አከታትሎ አሰማ። ኢንተርኔቱ ተመልሷል። አውጥቶ አየውና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ለሱ ላሳየው ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ተለማምጄ ጨርሼ ነበር አባባ።»

ሐጂ ከጎኑ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይዞ ነበር። «ምስክር» አለው ቀስ ብሎ፣ «ያየ ሰው ትናገራለች።»

መምህሩ ስልኩን መልሶ አነሳው። የኮከቡን ቁጥር ጻፈ፣ ፎቶውን አያያዘ፤ አንዴ እንባው መስተዋቱ ላይ ጠብ ብሎ በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ «ሄደ» አለ።

እኔ ተነሳሁ። ለቀስተኛው እየበዛ ነው፤ መቀመጫ ያስፈልጋል። ቅርንጫፉን ከነፍሬው ጫፉን ይዤ እስከ አጥሩ ቀዳዳ ድረስ ጎተትኩት፣ የተበተነውን ማንጎ በቅርጫት ለቀምኩ፣ ግቢውን ጠረግሁና ሰው ይቀመጥበት ብዬ አግዳሚውን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አወጣሁ።